ዕረፍት ከማን ይቆጠራል?



ለመሆኑ በጉዞ ላይ የበረታ ሰው የደከመውን የመጠበቅ ግዴታ አለበትን? ወይስ መጠበቅ ከወደደ የሚያደርገው፣ ካልወደደ ደግሞ የማይጠየቅበት ቸርነት ነው? ይህን ጥያቄ ከአንድ ዓመት በፊት የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙም ሳላስብ «እንዴታ! መጠበቅ አለበት» ብዬ በመለስኩለት ነበር። መልሱ በአፍ ሲነገር ቀላል ነውና። ጥያቄው የከበደኝ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አይደለም፤ በብስክሌት ኮርቻ ላይ ሆኜ፣ ከወይጦ ሸለቆ ወደ ቀይ አፈር በሚያወጣው አቀበት መሀል ነው። በዚያች ዕለት በአፌ የማምነውና በእግሬ የምሠራው ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አየሁ። ይህን የምጽፈውም ሌላውን ለመገሠጽ ሳይሆን የራሴን ጥፋት ይዤ ከአንባቢ ጋር ለመመካከር ነው።

አምስት ነበርን። አራታችን በሠላሳዎቹ ዕድሜ የምንገኝ፣ በዕረፍት ቀን የእንጦጦን ዳገት ወጥተን እስከ ሱሉልታ መንዳት የለመድን ጓደኛሞች ነን። አምስተኛው ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ መምህር ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ብስክሌቶቻችንን በአውቶቡስ ጭነን እስከ ኮንሶ ከደረስን በኋላ፣ ከዚያ እስከ ጂንካ በገዛ ጉልበታችን ልንሄድ ተስማማን። «አብረን እንሂድ» ያሉት ጋሼ ናቸው፤ «አብረን እንሂድ» ብለን የመለስንም እኛው ነን። ይህችን ቃል አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሐሙስ ዕለት ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተነሣን። የኮንሶ ሰዎች ከአባት ከአያት ጀምሮ በድንጋይ የካቧቸው፣ ዩኔስኮም በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው እርከኖች ገና በጎህ ብርሃን ሲታዩ ነበር ቁልቁለቱን የጀመርነው። ብዙም ሳንርቅ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ሦስቱ ባልንጀሮቼ ቁልቁለቱ ይዟቸው ስለሄደ አላዩኝም። ጋሼ ግን ከኋላዬ ነበሩና ቆሙ። ጎማውን ፈትተው፣ ቀዳዳውን በምራቃቸው ፈልገው፣ አጣብቀውና ነፍተው ሰጡኝ። እኔ ይህን ሥራ በደንብ አልችልበትም።

ቁልቁለቱ አልቆ ወደ ሸለቆው ሜዳ ስንገባ ሌላው ውለታ መጣ። ብስክሌት ነድቶ የማያውቅ አንባቢ እንዲረዳኝ ጥቂት ላብራራ። አንድ ሰው በሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ አብዛኛው ጉልበቱ የሚያልቀው ፊቱ ያለውን አየር ለመግፋት ነው። ነፋስ ባይነፍስ እንኳ ፍጥነቱ ራሱ ነፋስ ይሆንበታል። ከጀርባው ተጠግቶ የሚከተለው ሰው ግን የተቀደደ አየር ውስጥ ስለሚገባ ከጉልበቱ ከሩብ እስከ ሲሦ የሚደርሰውን ይቆጥባል። አብረው የሚነዱ ሰዎች ከፊት የመሆንን ሥራ በተራ የሚይዙት ለዚህ ነው። ከፊት የሚሆነው ተራውን ጨርሶ ወደ ኋላ ሲመለስ ያርፋል፤ ያረፈውም በፈንታው ከፊት ይወጣል።

እንግዲህ ሦስቱ ቀድመውን ስለነበር እኔና ጋሼ ሁለት ብቻ ሆንን። ከፊት ሆነው አየሩን የሚቀዱት እሳቸው ነበሩ። አንድ ጊዜ ዞር ብለው በእጃቸው «ና፣ ተራህን ያዝ» ዓይነት ምልክት ሰጡኝ። ያላየሁ መሰልኩ። ሁለተኛ አልጠየቁኝም። ወይጦ እስክንደርስ ድረስ ከጀርባቸው ተለጥፌ ተጓዝኩ። ሸለቆው ዝቅ ያለና ሞቃት ነው፤ የእሳቸው ሸሚዝ በላብ ርሶ ሲደርቅ ጨው አውጥቶ ነበር፤ የእኔ ግን እዚህም እዚያም ብቻ ነበር የረጠበው።

ከወይጦ ወዲያ ሜዳው ጥቂት ይቀጥልና ያበቃል። ቀይ አፈር ያለችው ከሸለቆው አንድ ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው። አስፋልቱ እየተጠማዘዘ ተራራውን ይወጣል። አንዱን ጥምዝ ሲጨርሱት ሌላው ከበላዩ ተንጠልጥሎ ይታያል። እዚህ ላይ የሜዳው ሕግ ይሻራል። ፍጥነት በሰዓት ወደ 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር ሲወርድ አየሩ ማስቸገሩን ይተዋል ማለት ይቻላል፤ ትግሉ ከገዛ ክብደት ጋር ይሆናል። ከሰው ጀርባ መጠጋት እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም የለውም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት ዳገት ላይ አይሠራም፤ ማንም የማንንም ክብደት አይካፈልምና።

ትንሿን ማርሽ አስገብቼ መውጣት ጀመርኩ። እግሬ ቀላል ሆነልኝ። ጋሼ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ቀሩ። ዞር ስል አንድ ጥምዝ፣ ቆይቼም ሁለት ጥምዝ ዝቅ ብለው ይታዩኝ ነበር። በዚህን ጊዜ ሕሊናዬ ሳይናገር አልቀረም፤ ነገር ግን መልስ አዘጋጀሁለት። «ዳገት ሁሉም በየራሱ ፍጥነት ነው የሚወጣው» አልኩት። ይህ ደግሞ ውሸት አይደለም። በዳገት ላይ ብርቱውን በደካማው ፍጥነት ንዳ ማለት ሁለቱንም ይጎዳል፤ ብርቱው ሚዛኑን ያጣል፣ ደካማው ደግሞ «አስቸገርኩ» እያለ ከአቅሙ በላይ ይገፋል። ይሁን እንጂ እውነት የሆነ ነገር ሁሉ በተነገረበት ቦታ እውነተኛ አይሆንም። ያን ቃል ያመጣሁት ለጋሼ አዝኜ ሳይሆን ወደ ፊት ለመሄድ ፈልጌ ነው።

ከዳገቱ አጋማሽ በላይ ሦስቱ ባልንጀሮቼ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። እኔም ተቀመጥኩ። ውኃ ጠጣን፣ ቴምር በላን፣ ጫማ አውልቀን ተጋደምን። ዕለቱ ሐሙስ ስለሆነ የቀይ አፈር የገበያ ቀን ነው፤ የበና፣ የጸማይ፣ የሐመርና የአሪ ሰዎች የሚገናኙበት ትልቅ ገበያ ነው። በመንገዱ ዳር ገበያተኞች ይወጡና ይወርዱ ነበር። ሸክም ይዘው በመስመር ከሚወጡት ሴቶች መካከል አንዷ ደክሟት ሸክሟን አወረደች። ሌሎቹ ቆሙ። የቆሙት ዳር ይዘው ሊያዩዋት አልነበረም፤ ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው ብቻውን መልሶ ሊሸከመው ስለማይችል ነው። እሷ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠብቀው ሁለቱ ከግራና ከቀኝ አንሥተው አሸከሟትና መንገዳቸውን ቀጠሉ። አማርኛችን ለዚህ ሥራ ራሱን የቻለ ቃል አለው፤ «ማሸከም» ይባላል። ለተሸካሚ አሸካሚ ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ በዓይኔ አየሁ። ከእኔ ጋር የሚያገናኘው ነገር እንዳለ ግን በዚያን ሰዓት አልታየኝም።

ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቆይተን ጋሼ ብስክሌታቸውን በእጃቸው እየገፉ ብቅ አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «አልሐምዱ ሊላህ፣ ደረሱ!» አልንና አጨበጨብን። ብስክሌታቸውን አጋድመው ውኃ አንሥተው ሁለት ጊዜ ሳይጎነጩ ከመካከላችን አንዱ ሰዓቱን አየና «በሉ እንግዲህ፣ እንሂድ፤ ብዙ ቆየን» አለ። ሁላችንም ተነሣን። እኔም ተነሣሁ። ጋሼ ምንም አልተናገሩም፤ ብስክሌታቸውን አንሥተው ተከተሉን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አጭር ላድርገው። ወደ ገበያው የሚሄድ አይሱዙ በአጠገባችን ሲያልፍ ከጭነቱ ላይ የጋሼን ብስክሌት አየሁ። እሳቸው ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ቀይ አፈር ስንደርስ ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ አገኘናቸው። አንዳችን «ጋሼ፣ ይህን ያህል ጠብቀንዎት እንዴት በመኪና ይመጣሉ?» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ። እሳቸውም ሳይቆጡ እንዲህ አሉ፦

«የጠበቃችሁኝ መስሏችኋል። ያረፋችሁት ግን እናንተ ናችሁ። እኔማ ከጧት ጀምሮ የተቀመጥኩት ገና አሁን ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከሁሉ ይበልጥ ብርታት የነበራቸው ሦስቱ ከአንድ ሰዓት በላይ አረፉ። እኔ ሃምሳ ደቂቃ አረፍኩ። ዕረፍት ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው ሰው ሦስት ደቂቃ እንኳ አላገኙም። ክፋት ያሰበ ሰው በመካከላችን አልነበረም። ሁላችንም «ጠበቅን» እያልን ነበር። ስህተቱ ዕረፍቱን ከራሳችን መድረስ ጀምረን መቁጠራችን ላይ ነው። እነሆ ለጥያቄዬ ያገኘሁት የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው። መጠበቅ ማለት ደካማው እስኪደርስ መቀመጥ ሳይሆን፣ ከደረሰ በኋላ እስኪያርፍ መቆየት ነው። ዕረፍት የሚቆጠረው ከመጨረሻው ሰው ነው።

ሁለተኛው መልስ ከዚህ ይከብዳል። በዳገቱ ላይ ያስታበየኝ ያ ብርታት የእኔ ነበርን? ጎማዬን የጠገነው ማን ነው? በሜዳው ላይ አየሩን የቀደደልኝስ? የራሴ መስሎኝ የተመካሁበት ጉልበት ከፊሉ የጋሼ ጉልበት ነበር። በእሳቸው ጥላ የቆጠብኩትን ይዤ በእሳቸው ላይ ቀደምኩባቸው። እንዲህ ከሆነ ደግሞ እሳቸውን መጠበቅ ቸርነት አይደለም፤ ዕዳን መክፈል ነው። የበረታ ሰው «በገዛ ጉልበቴ ነው የቀደምኩት» ከማለቱ በፊት ሜዳውን በማን ጀርባ እንዳቋረጠ ሊጠይቅ ይገባዋል።

«ይህ የጀማሪዎች ጭንቀት ነው፤ እውነተኛው ውድድር ርኅራኄ አያውቅም» የሚል ሊኖር ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ ስፖርት አይደለም፤ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች ከልዑካኑ መካከል ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የመቀሌው ልጅ ፅጋቡ ግርማይ የዓለም ታላቁ የብስክሌት ውድድር በሆነው ቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በዚያ ውድድር ስሙ የሚጠራው አንድ አሸናፊ ቢሆንም ሥራውን የሚሠሩት ረዳቶቹ ናቸው። አየሩን ይቀዱለታል፣ ከመኪና ውኃ ያመላልሱለታል፣ ጎማው ቢፈነዳ ቆመው ይጠብቁታል። በዚህም የተነሣ አሸናፊው የሽልማት ገንዘቡን ለባልደረቦቹ ማካፈሉ የቆየ ልማድ ነው። ድሉ የብቻው እንዳልሆነ ያውቃልና።

በዚያው ውድድር የጊዜ ገደብ አለ። ገደቡ ከአሸናፊው ሰዓት ተነሥቶ ይሰላል፤ ከዚያ ዘግይቶ የደረሰ ይባረራል። በተራራ ቀን ዳገት የማይሆንላቸው ተወዳዳሪዎች ምን ያደርጋሉ? ከተለያየ ቡድን፣ ከተለያየ አገር የመጡ ሆነው ሳለ ከኋላ ይሰባሰባሉ። በዳገቱ ላይ ሁሉም የሚችለው መጠነኛ ፍጥነት ይይዛሉ፤ በሜዳው ላይ ተራ እየተቀያየሩ የጠፋውን ጊዜ ይመልሳሉ። በሌላው ቀን ባላንጣ የሆኑ ሰዎች በዚያ ቀን ለመትረፍ ይተጋገዛሉ። እንግዲህ ለገንዘብና ለዝና የሚሽቀዳደሙት ይህን ካወቁ፣ ለወዳጅነት የወጣን እኛ ምን ምክንያት ይኖረናል?

በዲናችንም ቢሆን ነገሩ አዲስ አይደለም። ኢማም ሲያሰግድ ከኋላው ያለውን ደካማ፣ በሽተኛና ሽማግሌ አስቦ ሶላቱን እንዲያቀል ታዝዟል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ሆን ብለው ወደ ኋላ ይቀሩ እንደነበር፣ የደከመውን እንደሚያበረታቱና መጓጓዣ ያጣውን ከኋላቸው እንደሚያፈናጥጡ ጃቢር (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ከእኛ መካከል ግን ከኋላ መቅረትን እንደ ክብር የቆጠረ አንድም ሰው አልነበረም። መሪ ማለት ከፊት የሚታየው ብቻ ይመስለናል።

ማታ በማደሪያችን በዚህ ጉዳይ ላይ ተከራከርን። አንዱ ባልንጀራዬ የተናገረውን ሳልሸሽግ ላቅርበው፤ ብዙ ሰው በልቡ የሚያስበው ነውና። «አቅም ከሌላቸው ባይመጡስ? አራት ሰው በአንድ ሰው መታሰር አለበትን? እንዲህ ከሆነማ ማንም በችሎታው ሊደሰት አይችልም» አለ። ክርክሩ ባዶ አይደለም። ብርቱ መሆን ወንጀል አይደለምና። ብቻውን ሊጓዝ የወጣ ሰው ማንንም የመጠበቅ ግዴታ የለበትም፤ እንደ ንፋስ ቢበር መብቱ ነው። እኛ ግን ኮንሶ ላይ «አብረን እንሂድ» ብለን ነበር። ይህ ቃል ዋጋ አለው። «አብረን» ያለ ሰው ከፍጥነቱ ከፊሉን ሸጧል። ዋጋውንም በሜዳው ላይ፣ በተነፈሰው ጎማ ላይ አስቀድሞ ተቀብሏል። የተቀበለውን ዋጋ ይዞ ዳገቱ ላይ ሲደርስ ውሉን ማፍረስ ግን ክህደት ነው።

ደካማውስ ግዴታ የለበትምን? አለበት እንጂ። ጋሼ ራሳቸው በዚያች ሌሊት እንዳመኑት፣ ከዛፉ ሥር «አልተነሣም፤ ሩብ ሰዓት ልረፍ» ማለት ይገባቸው ነበር። ክብራቸው ከለከላቸው። ድካሙን የደበቀ ሰው ባልንጀሮቹን ሳያውቁ በደለኛ ያደርጋቸዋል። ዳሩ ግን ደካማው አፉን ከፍቶ እንዲናገር ብርቱው ፊቱን መፍታት አለበት። ሰዓቱን እያየ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ፊት ማን ደፍሮ «ደክሞኛል» ይላል?

ከብስክሌቱ ወርደን ወደ ኑሯችን ብንመለስ ይህ ነገር በየቤቱ አለ። አንዱ ልጅ ተምሮ ለወግ ለማዕረግ ሲበቃ፣ ታላቁ ከትምህርት ቀርቶ ሱቅ የጠበቀለት ወይም በሬ ጠምዶ ያረሰለት ብዙ ነው። የተማረው ዓመት ቆጥሮ ወንድሙን ይጠይቃል፣ በዓል ሲመጣ ገንዘብ ይልካል፣ «አልረሳሁም፣ እየጠበቅኩ ነው» ይላል። የወንድሙ ልጅ ትምህርት ሊጀምር ሲል ግን የራሱን ልጆች ይዞ ሌላ ዳገት ጀምሯል። ለራሱ ያረፈ ሰው ሌላው ያረፈ ይመስለዋል። እኔም ከእነዚህ ተማርን ባዮች አንዱ ነኝና ይህን ስጽፍ ጣቴን ወደ ራሴ እየቀሰርኩ ነው።

በማግሥቱ ዓርብ ከቀይ አፈር እስከ ጂንካ ያለውን 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአዲስ ደንብ ሄድን። ዳገት ላይ ሁሉም በፍጥነቱ ይወጣል። ጫፍ ላይ ይጠበቃል። የመጨረሻው ሰው ከደረሰ በኋላ ዕረፍቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ሲነሡም መጀመሪያ የሚነሣው መጨረሻ የደረሰው ነው። ሁልጊዜም አንዳችን በተራ ከኋላ እንሆናለን። ምናልባት ግማሽ ሰዓት ዘግይተን ይሆናል፤ ሆኖም ለጁምዓ ደርሰን አምስታችንም በአንድ ሰፍ ቆምን።

ያን ዕለት ማታ ጋሼን ለብቻቸው አግኝቼ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። በሜዳው ላይ ምልክታቸውን አይቼ እንዳላየ መሆኔን ጭምር ነገርኳቸው። ማየቴን ያውቁ ኖሯል። ጥቂት ዝም ብለው «ይቅር ብዬሃለሁ። ዕዳ ግን በይቅርታ ብቻ አያልቅም። ስንመለስ ሜዳው ላይ ከፊት አንተ ሁን» አሉኝ።

ስንመለስ የቀይ አፈርን ቁልቁለት ወርደን ወይጦን እንደተሻገርን ከፊት ወጣሁ። ሸለቆው እንደ ምድጃ ይፋጅ ነበር። ተራዬ አልፎ ሌላው ሊቀበለኝ ሲመጣ «ገና ነኝ» አልኩት። አንድ ጊዜ ዞር ስል ጋሼ ከጀርባዬ ተጠግተው አንገታቸውን ደፍተው ይነዱ ነበር። ዕዳዬን ሙሉ በሙሉ ከፍያለሁ ብዬ አልመካም። የኮንሶ ዳገት ጫፍ ላይ ስንደርስ ግን ሰዓቴን አላየሁም፤ እሳቸው ደርሰው፣ ተቀምጠው፣ ውኃቸውን ጠጥተው እስኪጨርሱ ድረስ።

ወሰላም።